መልስ ስላጣ ፍቅር፤ በ«አትማን» ፊልም ላይ የተሰጠ አስተያየት

በቢቸና ወይም በሞጣ ያደገ ሰው፣ ስለ ፍቅር የተጻፈ ድርሰት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ዲማን ከታሪኩ ዋና ስፍራዎች አንዱ ስላደረገ፣ የአገራችን ሰው የሚያነበው እንደ ሩቅ ተረት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይዋደዳሉ፤ የሚለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራትና የዘመኑ ሥርዐት ነው። ስለዚህ አንባቢው ሲያዝን ቍጣውን የሚያሳርፍበት አያጣም።

ዳሩ ግን ከዚህ የተለየ ሌላ ኀዘን አለ። ይኸውም የሚከለክል አባት ወይም የሚያሳድድ ጌታ ሳይኖር፣ የተወደደው ሰው ራሱ ሳይወድ ሲቀር የሚመጣው ነው። በዚህ ጊዜ በዳይ የለም፤ በዳይ ስለሌለም የሚከሰስ የለም፤ የሚከሰስ የሌለበት ኀዘን ደግሞ ለመናገር ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል። ዛሬ አስተያየታችንን የምንሰጥበት ፊልም ይህን ኀዘን የሚያሳይ ነው።

«አትማን» ራሱን ችሎ የቆመ ረጅም ፊልም አይደለም። «ስቶሪስ ኦፍ አወር ላይቭስ»፣ በእኛ ቋንቋ «የሕይወታችን ታሪኮች»፣ በተባለው የኬንያ ፊልም ውስጥ ካሉት አምስት አጫጭር ታሪኮች አንዱ ነው። ያዘጋጀው ጂም ቹቹ ሲሆን፣ የሠራው በናይሮቢ የሚገኝ ኔስት የተባለ የኪነ ጥበብ ሰዎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሰዎች አስቀድመው በኬንያ የሚኖሩ፣ ፍቅራቸው ለተመሳሳይ ፆታ የሆነ ሰዎችን እየጠየቁ ቃላቸውን ሰበሰቡ፤ ከሰሙትም ውስጥ ጥቂቱን መርጠው በተዋንያን አስጫወቱት። ወጪው 15,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ለፊልም ሥራ እጅግ ጥቂት ገንዘብ ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አምስቱ ታሪኮች በጠቅላላው የሚወስዱት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በቶሮንቶ የፊልም በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2015ም በበርሊን የቴዲ ዳኞችን ሽልማት አገኘ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሬይና አትማን በአንድ እርሻ የሚሠሩ የብዙ ዓመት ወዳጆች ናቸው። ሬይ አትማንን ከወዳጅነት ባለፈ ፍቅር ይወደዋል። ከዚያ ፊዮና የምትባል አዲስ ሴት ትመጣለች፤ አትማንም ከርስዋ ጋራ መሣሣቅና መቀላለድ ይጀምራል። ሬይ ይቀናል፤ ልቡም ይቈስላል፤ በመጨረሻም አንድ ከባድ ምርጫ ይቀርብለታል። ምን እንደ መረጠ ላላየው ሰው አንገልጥም።

ይህን ፊልም ለመመርመር ከአገራችን ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ አላገኘንም። በአማርኛ «ወዳጅ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አብሮ አደግ ወዳጅ ይባላል፤ በፍቅር የያዙትም ሰው እንዲሁ ወዳጅ ይባላል። በዲማ ቅኔ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ወዲያው ሰሙንና ወርቁን ይለያል። ሬይ «ወዳጄ» ሲል ወርቁን ይናገራል፤ አትማን የሚሰማው ግን ሰሙን ብቻ ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተናገሩ እንጂ። የፊልሙ ኀዘን በሙሉ ያለው በዚህ ነው።

በእኛ አገር ሁለት ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ሲሄዱ፣ በብርድም ጊዜ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው ሲቀመጡ፣ የሚደነቅ ሰው የለም። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እንደ ሬይ ያለ ሰው በዚህ ልማድ ውስጥ ቢገኝ፣ ያው መቀራረብ መጠለያውም ሥቃዩም ይሆንበታል። የሚወደው ሰው በየቀኑ ከአጠገቡ አይጠፋም፤ የሚመኘው ግን ከቶ አይቀርብም።

የአዘጋጁ ዋና ብልኀት አትማንን ክፉ ሰው አለማድረጉ ነው። ሌላ ቢሆን አትማንን አላጋጭ ወይም ከዳተኛ አድርጎ ተመልካቹን በቀላሉ ያስለቅስ ነበር። ሰው አልወደድህም ተብሎ አይወቀስም፤ ሰው ወደድህ ተብሎም ሊወቀስ አይገባም። ፊልሙ እነዚህን ሁለት እውነቶች ጐን ለጐን ያቆማቸዋል፤ አንዱን ለማጽደቅ ሌላውን አይኰንንም። ሁለተኛው መልካም ነገር የገንዘቡን ማነስ ለጥቅም ማዋሉ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሌለ የተመልካች ዓይን ከሰው ፊት ወዲያ የሚሸሽበት አያገኝም።

ጉድለትም አለው። አንድ ሰዓት ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ታሪክ የሚደርሰው ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። የብዙ ዓመት ወዳጅነት በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊታይ አይችልም፤ ተመልካቹ በቃል ብቻ ተነግሮት ማመን አለበት። ፊዮናም ብትሆን የራስዋ ሐሳብና ምኞት ካላት ሰው ይልቅ ለሬይ ቅናት ምክንያት እንድትሆን የተጨመረች ትመስላለች።

ፊልሙን አብረውን የተመለከቱ፣ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሞጣ ሰው፣ «ይህ የእኛ ነገር አይደለም፤ ስለርሱ መጻፍም አይገባም» አሉን። እንዲህ ያሉት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ በ2014 ፊልሙ በአገሩ እንዳይታይ ከልክሏል። በ2018ም የዋኑሪ ካሂዩ ፊልም «ራፊኪ» ተከልክሎ ነበር፤ በኋላ ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ፈቀደ። «ራፊኪ» ማለት በስዋሂሊ ወዳጅ ማለት መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግብረ ሰዶምን ወንጀል አድርጎታል።

እኒህን ትልቅ ሰው እናከብራለን፤ ይሁን እንጂ ሐሳባቸውን አልተቀበልነውም። ሕግ የሚዳኘው አድራጎትን ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የሚመረምረው ልብን ነው። በዚህ ታሪክ ሬይ የወደደ፣ ያልተወደደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ኀዘን «የእኛ አይደለም» ብለን ብናባርረው ኀዘኑ አይጠፋም፤ የሚነግረው ሰው ያጣል እንጂ።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ተምረን ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለን ከገጠር ስንቅ እየመጣልን፣ በቢቸና አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ወዳጃችን ጋራ ዓመታት ኖረናል። እንጀራችን አንድ፣ መብራታችን አንድ ነበረ። እኛ ለጋብቻ የታጨን ጊዜ ይህ ወዳጃችን ከሁሉ በፊት ደስታውን ገለጠልን፤ ከሠርጉ በፊት ግን ሳይሰናበት ከተማውን ለቅቆ ሄደ። እኛም ተቀየምነው፤ ከዳተኛም አልነው። ስለ ምን እንደ ሄደ ዛሬም ቢሆን እንገምታለን ማለት ነውር ነው፤ የሰው ልብ በፊልም አይፈታም። ነገር ግን «አትማን»ን አይተን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። ያ ሰው የሚናገረው ነገር ኖሮት ቢሆን፣ እኛ ሊነገረን የሚቻል ሰዎች ነበርን? መልሳችን ያሳፍረናል። አልነበርንም።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የጥንት ድልድይ አለ። ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር ይባላል። ገመዱን በማዶ የሚይዝ ሰው ካልቆመ መሻገር የለም። መያዝ ማለት ደግሞ አብሮ መሄድ ማለት አይደለም፤ ያዡ በቦታው ቆሞ ሊቀር ይችላል። ወዳጅ የወዳጁን ፍቅር በፍቅር ሊመልስ አይገደድም፤ ቃሉን ግን ሳይንቅና ሳያዋርድ ሊሰማው ይገባል። «አትማን» በትንሽ ገንዘብና በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያስተማረን ይህን ነው፤ ስለዚህም ጉድለቱን ሳንሸሽግ፣ መልካም ሥራ ነው ብለን እንመሰክርለታለን።