ፓሆም በስብከት መድረካችን

ስለ መጐምጀት ወይም ስለ "ኑሮዬ ይበቃኛል" በሚሰበክበት ጊዜ ከቶልስቶይ ገበሬ ከፓሆም የሚበልጥ ተወዳጅ ምሳሌ ያለን አይመስለኝም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ፓሆም በባሽኪሮች ምድር፣ በአንድ ሺህ ሩብል፣ በአንድ ቀን በእግሩ የከበበውን መሬት ሁሉ ሊገዛ ይነሣል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ተነሣበት ካልተመለሰ ግን ገንዘቡ ይቀራል። አብዝቶ ይሄዳል፣ ሮጦ ይደርሳል፣ ወድቆ ይሞታል። የሚቀበርበትም ጉድጓድ ሦስት አርሺን፣ ማለት ከሁለት ሜትር ጥቂት ያለፈ ነው። ሰባኪው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

በተማሪዎቼ የልምምድ ስብከት ላይ ይህን ፍጻሜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚያሳስበኝ ፍጻሜው አይደለም፤ ወደ ፍጻሜው ስንሮጥ የምንዘልለው ነው።

"ለሰው ምን ያህል መሬት ያስፈልገዋል?" በ1886 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ የጀመረው በሩጫ አልነበረም። ፓሆም በመጀመሪያ ድሀ ነው። በመንደሩ አጠገብ ያለችው የመሬት ባለቤት የቀጠረችው ሹም፣ ከብት ድንበር አለፈ እያለ ገበሬዎቹን በመቀጮ ያስመርራቸዋል። ሴትዮዋ መሬቷን ልትሸጥ መሆኗ ሲሰማ የመንደሩ ሰዎች በኅብረት ሊገዙት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ዲያብሎስ በመካከላቸው ጠብ ዘርቶ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ለየራሱ መግዛት ይጀምራል። ፓሆም መቶ ሩብል ነበረው፤ ውርንጭላውንና የንቦቹን እኩሌታ ይሸጣል፣ የጐደለውን ይበደራል፣ አንድ ልጁንም በቅጥር አሳድሮ ደመወዙን አስቀድሞ ይቀበላል። ልጁ ስም እንኳ የለው፤ ታሪኩም ተመልሶ አያነሣውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ትናንት በመቀጮ የተማረረው ሰው፣ ዛሬ የጎረቤቶቹ ከብት ማሳው ስለገባ ፍርድ ቤት ይዞአቸው ሄዶ መቀጮ ያስከፍላቸዋል። ዛፎቹ በሌሊት ሲቆረጡ አንዱን ጎረቤቱን ያለ ማስረጃ ይከስሳል፤ ተከሳሹ ነጻ ሲለቀቅ ከዳኞቹም ጋር ይጣላል። መሬቱ ሲሰፋ በሰዎች መካከል የነበረው ስፍራ ጠበበ። እንደ እኔ አስተያየት የድርሰቱ ብርቱ ክፍል ይህ ነው። ባሽኪሮች ዘንድ ሲደርስ ኃጢአቱ ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው ሞት ብቻ ነው።

ይህን ቆርጠን ሩጫውን ብቻ ስንናገር መጐምጀት ማለት ከልክ ያለፈ ምኞት ይሆናል፤ ጎረቤት ከሥዕሉ ይወጣል። የምንናገረውስ ለማን ነው? ለኮንዶሚኒየም ዓመታት ሙሉ የቆጠበች እናት በመካከላችን ተቀምጣለች። ከተማ እየሰፋ ማሳው ላይ የደረሰበት ገበሬም አለ። እነዚህ ሰዎች ስብከቱን ሰምተው "እንግዲህ ፓሆም እኔ ነኝ" ብለው ቢሄዱ በደለኞቹ እኛ ነን። መጽሐፍ ቅዱስ መሬት የሚወድደውን ሁሉ አይወቅስም። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ሲል (1ኛ ነገ. 21) ስስታም አልተባለም፤ የተወቀሰው አክዓብ ነው። ኢሳይያስ 5፥8 እና ሚክያስ 2፥2 ወዮ የሚሉትም ቤትን በቤት ላይ፣ እርሻን በእርሻ ላይ ለሚጨምሩና የሌላውን ርስት ለሚነጥቁ ነው።

ከፓሆም ጋር አጣምረን የምናነበውን ሉቃስ 12፥13-21ንም እስኪ እንደ ገና እንመልከት። ሁለቱ ታሪኮች የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የሉቃስ ባለጠጋ አይሮጥም፤ አልተበደረም፤ ማንንም አልከሰሰም። እርሻው ራሱ አፈራለት። "ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ" እያለ ከራሱ ጋር ብቻ ይመክራል፣ በመጨረሻም ነፍሱን ዕረፊ ይላታል። እንግዲህ ይህ ሰው በራሱ አነጋገር በቃኝ ያለ ሰው ነው! ሰነፍ የተባለውም እዚያው በእርካታው መካከል ነው።

ይህን ከቶልስቶይ ይልቅ ያየው ቼኮቭ ይመስለኛል። በ1898 እ.ኤ.አ. በወጣው "ጉዝቤሪ" በተባለው አጭር ልብ ወለዱ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ሦስት አርሺን የሚበቃው ለሬሳ እንጂ ለሰው አይደለም ብሎ ለቶልስቶይ ይመልስለታል። የዚሁ ተናጋሪ ወንድም ርስት ለመግዛት ሲል ሚስቱን በረኃብ እየቆነጠረ ገንዘብ አጠራቀመ፤ እርሷም ሞተች፤ እርሱ ግን ርስቱን ገዝቶ ጎምዛዛውን የጓሮውን ፍሬ በደስታ ይበላል። አይሞትም፤ አይደነግጥም። የሉቃስ ባለጠጋ የሥጋ ዘመድ ፓሆም ሳይሆን ይህ ሰው ነው። በጉባኤያችንም ከሯጩ ይልቅ የረካው ሳይበዛ አይቀርም፤ ለእርሱ ግን የምንናገረው ምሳሌ የለንም።

የቶልስቶይ ጉድለት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በድርሰቱ ውስጥ ዲያብሎስ ይናገራል፣ ያቅዳል፣ በሕልምም ይታያል፤ እግዚአብሔር ግን አይናገርም። በሉቃስ ሰውዬውን የሚጠይቀው እግዚአብሔር ነው፤ በቶልስቶይ ግን የመጨረሻው አስተማሪ መቃብር ነው። ጸሐፊው በዚያ ዘመን የክርስቶስን አምላክነትና ትንሣኤውን ክዶ የተራራውን ስብከት ሥነ ምግባር ብቻ ይዞ እንደ ነበር አትርሱ። ትንሣኤ ከሌለ የሰውን ልክ ከመቃብሩ ርዝመት ሌላ በምን ይለኩታል?

ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4 የሚለካው በሌላ ነው። መራብንም መጥገብንም ተምሬአለሁ ይላል፤ መጥገብም ትምህርት እንደሚያስፈልገው አስተውሉ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ በአፍሮዲጡ እጅ የመጣለትን ስጦታ በደስታ ይቀበላል። ይበቃኛል ማለቱ ከወንድሞች አላራቀውም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥13-15 የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ሲለምንም መና የተሰበሰበበትን ዕለት ያስታውሳል እንጂ መቃብርን አያነሣም።

ፓሆምን ከመድረክ አስወግዱት ማለቴ አይደለም። በምትናገሩበት ጊዜ ግን ከመቀጮው ጀምሩ፤ በቅጥር ያደረውን ልጅ ጥቀሱት። የመንደሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ሳይስማሙ የተበተኑበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጥቂት ቁሙና ጉባኤውን ጠይቁት፦ ያን ጊዜ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ፓሆም ምን ይሆን ነበር?