የጂኦግራፊ ትምህርታችን ሐሳብና የላንጋኖ ሐይቅ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። የአካባቢ ትምህርትም ከልጁ መንደር ተነሥቶ ወደ አገሩና ወደ ዓለም ይሰፋል። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ የሚለው ይህ ሐሳብ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ተማሪው ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ሌላ ሐሳብ ይጠብቀዋል፤ የጂኦግራፊ መጽሐፉ ከመሬት አቀማመጥ ጀምሮ፥ በወንዞችና በሐይቆች፥ በአየር ጠባይና በዕፀዋት አልፎ፥ ወደ ሕዝቡና ወደ ኑሮው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህም የምዕራፎች ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም፤ ምድር አስቀድማ የተሰናዳች ቤት፥ ሰውም ኋላ የገባባት እንግዳ ነው የሚል ፍልስፍና አለበት።

ላንጋኖን ለምሳሌ እንውሰድ። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው የሐይቆች ሠንጠረዥ ለላንጋኖ 230 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 46 ሜትር ጥልቀት፥ ለአብያታ ደግሞ 205 ካሬ ኪሎ ሜትርና 14 ሜትር ይሰጣል። ቁጥሩ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የአዳማ ልጅ ጣናን ሳያይ መጠኑን ይገምትበታል። ሆኖም ሠንጠረዡ ሐይቆቹን ለየብቻ ያቆማቸዋል። በምድር ላይ ግን የዝዋይ ውሃ በቡልቡላ፥ የላንጋኖም በሆራ ከሎ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ አብያታም መውጫ የለውም። ከላይ ውሃው ለመስኖ በመጠለፉና ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ በመቀዳቱ፥ አብያታ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። እንግዲህ 205 የሚለውን ቁጥር በቃሉ የያዘ ተማሪ ዛሬ የሌለ ስፋት አጥንቷል፤ ሐይቁ ለምን እንደ ጎደለም ሠንጠረዡ አይነግረውም።

በአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ዘንድ ሆራ ማለት ከብቱ ጨው የሚያገኝበት ውሃ ነው። ይህ አንድ ቃል የውሃውን ጠባይ፥ የከብቱን ፍላጎትና የእረኛውን ጉዞ በአንድነት ይይዛል፤ መጽሐፉ በሦስት ምዕራፍ የከፈለውን ያስተባብራል። እንዲህ ያለው ዕውቀት የባህል ትምህርት ድርሻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የሰውንና የቦታን ግንኙነት የማያጠና ጂኦግራፊ ምን ሥራ ይቀረዋል?

እርግጥ፥ የእረኛው ዕውቀት መለኪያን አይተካም፤ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ሐይቅ እንደ ነበሩ ያስረዳን የሥነ ምድር ምርምር ነው። የየአካባቢውን ስም ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ መጽሐፍ ማጨቅም አይቻልም። የሚቻለው የአቀራረቡን መነሻ መለወጥ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ከስፋቱ አስቀድሞ፥ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚኖርበት እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የሕዝቦችን ባህል የምናጠና ሰዎችም የሰበሰብነውን ለመምህራን በሚገባ ቋንቋ ካላቀረብን፥ የጉድለቱ ተካፋዮች እንሆናለን።