የኤሌክትሪክ ወንበርና የኦሜ ሰንሰለት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ጓደኛችን ያቺን የታወቀች ተረት አመጣት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር ከአሜሪካ አዘዙ፤ ወንበሩ ሲደርስ አገሩ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ታዲያ ምን ይደረግ፣ ዙፋን አደረጉት። እኛም ሳቅን፣ አንዋሽም።

ቆይተን ግን በማን ነው የሳቅነው ብለን ጠየቅን። ተረቷ በውጭ አገር የጨዋታ መጻሕፍት ስትዞር ኖራለች፤ ሰነድ ግን አይጠቀስላትም። በዚያ ወንበር የመጀመሪያው ሰው የተገደለው ራሱ በ1890 ኦገስት ወር፣ ኒውዮርክ ውስጥ በኦበርን እስር ቤት ነው። ከሱቅ የሚታዘዝ ዕቃ አልነበረም።

ነገሩ ግን የሰነድ ብቻ አይደለም፤ የሳቅ አያያዝም ነው። ፍሎቤር በ1857 ባሳተመው «ማዳም ቦቫሪ» ውስጥ ኦሜ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ አለ። አፉን በከፈተ ቁጥር ሥልጣኔ የሚል፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ይህ ሰው ከካናቴራው ሥር የፑልቨርማኸርን የኤሌክትሪክ ሰንሰለት ይታጠቃል። ሰንሰለቱ ደራሲው የፈጠረው አይደለም። የመዳብና የዚንክ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ገላ ላይ የሚያስሩት፣ ለሪህም ለነርቭም ይበጃል ተብሎ የተሸጠ የቤት መድኃኒት ነበር። ቻርልስ ዲከንስ እንኳ በ1870 አዟል። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ጨዋታ የፈለገው ሳንቲም ከትቶ፣ ሁለት እጀታ ጨብጦ ይነዘር ነበር። እንዴ! ይህን ይዞ ማን አውሮፓን «ያልሠለጠነች» አላት?

የፍሎቤር ሳቅ ቦታውን ያውቃል። ኦሜ ስም አለው፣ ሱቅ አለው፤ ማታ ካናቴራውን ሲያወልቅ በሰንሰለቱ የምትደመም ሚስት አለችው። የተሳቀው በኦሜ ነው እንጂ በፈረንሳይ አይደለም። የኛዋ ተረት ግን ዘውድና ወንበር እንጂ ሰው የላትም፤ ስለዚህ ሳቁ በአገር ላይ ያርፋል።

«ሰይጣን ቤት»ም እንዲሁ ሆኖብናል። ሕዝቡ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ያወጣውን ይህን ስም ብዙዎች የድንቁርና ምስክር ያደርጉታል። ጨለማ ክፍል ተቀምጦ ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ላየ ሰው ግን ስሙ ፍርሃትም ሹፈትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያሳየን ልብ ወለድ የታለ?

ለሚጽፉ ጓደኞቻችን የምንለው ይህን ነው፤ ሳቁ፣ ግን ሰውየውን አውቃችሁ ሳቁ። ዛሬም ለወገቡ የሚነዝር ዕቃ ገዝቶ ጎረቤቱን ሁሉ የሚሰብክ የአራዳ ኦሜ አይጠፋም። እሱን ከነስሙ ከነሚስቱ አምጡልን፤ ያኔ ሳናፍር እንስቃለን።