ማመንታት ወይስ መወላወል?
ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አመላለስና ስለ መድረካችን

የድሬዳዋ ከተማ የተቆረቆረችው በመንገድ ላይ ከቆመ ሥራ የተነሣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ የነበረ ቢሆንም የተራራው አቀበት ስላስቸገረ ጥንታዊቱን ከተማ ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ዳር ደረሰ፤ አዲሲቱም ጣቢያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከዚያ በኋላ የገንዘብ እጦትና የቅኝ ገዥ መንግሥታት ሽኩቻ ተደራርበው ሥራውን ስላጓተቱት ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለ እነዚያ ዓመታት የሚጽፍ ደራሲ ባለ ሐዲዶቹ «ተገቱ» ሊል ይችላል፤ «አመነቱ» ወይም «ወላወሉ» ሊልም ይችላል። ሦስቱም ቃላት የአንድን ሥራ መቆም ይናገራሉ። ነገር ግን የተገታ ሰው ከበደል ነጻ ነው፤ ያመነታ ሰው ገና በማሰብ ላይ ነው፤ የወላወለ ሰው ግን ተፈርዶበታል።

እንግዲህ የእነዚህ ቃላት አመራረጥ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድ ጉዳይም ነው። ይህ ጎልቶ የሚታየው ከእንግሊዝኛ በሚመለሱ ተውኔቶችና በየትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ላይ ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ብዙ ሀብት አለው። «ሄዚቴት» የሚለው ግስ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥረ ነገሩ መጣበቅ ነው፤ እግሩን ጭቃ የያዘውን ሰው ያሳያል። «ቫሲሌት» የሚለውም ከዚያው ከላቲን ሲወረስ ወዲያና ወዲህ መንገዳገድን ይዞ መጥቷል። «ዲዘር» ከመንቀጥቀጥ የመጣ ቃል ነው። «ሺሊሻሊ» ደግሞ «ላድርግ? ላድርግ?» እያሉ ራስን ከመጠየቅ የተወለደ የመሳለቂያ ቃል ነው። ፈሊጦቹም እንዲሁ ይለያያሉ። አጥር ላይ ተቀመጠ የሚሉት አሸናፊው እስኪታወቅ የሚጠባበቀውን ነው፤ እግሩ ቀዘቀዘ የሚሉት ግን ቆርጦ ከተነሣ በኋላ በመጨረሻዋ ሰዓት ፍርሃት የያዘውን ነው። የመጀመሪያው ያሰላል፤ ሁለተኛው ይፈራል። ለእነዚህ ሁሉ «አመነታ» የሚል አንድ ፍቺ ሰጥቶ ማለፍ ለተማሪው ቃሉን ሰጥቶ ሰውየውን መንሣት ነው።

ይህ የሚሆነው አማርኛ ድኻ ሆኖ አይደለም። በመንታ መንገድ ፊት የቆመ ሰው ያመነታል። ግብዣ ቀርቦለት እሺም እምቢም ማለት የከበደው ያቅማማል። ታዞ መነሣት ያልወደደ እንደ እልኸኛ በቅሎ ያንገራግራል። ሳይወድ የሚሄድ እግሩን ይጎትታል። ማለዳ ያለውን ማታ የሚሽር ይወላውላል። ባለጉዳይ የሚያመላልስ ሹም ደግሞ «እሺ፣ ነገ» ይላል፤ ይህ በትሕትና የተሸፈነ እምቢታ እንጂ ማመንታት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ድሬዳዋ ራስዋ መምህር ናት። ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የሚገባ ሰው በአንዲት ቀን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ ይሰማል። በሶማሊኛ ሁለት «ላባ» ነው፤ ማመንታትም ከዚያው ወጥቶ «ላባላበይን» ይባላል። የእኛም «አመነታ» መንታን ያስታውሳል። መጠራጠርን የሚገልጸው የእንግሊዝኛው «ዳውት» እንኳ በላቲን ሥሩ ከሁለት ቁጥር ጋር የተዛመደ ነው። ተራርቀው የኖሩ ሕዝቦች በልብ ውስጥ ያለውን ነገር በአንድ ዓይነት ሥዕል ማየታቸው፣ ሁለት ሐሳብን ባንድ ጊዜ መያዝ የሰው ልጅ ጠባይ እንጂ የአንድ ወገን ነውር አለመሆኑን ያስረዳል።

ሆኖም ቃላት በታሪክ ውስጥ ሲያልፉ ይቆስላሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ በእንግሊዝኛ ይነበቡ ከነበሩት የማርክሲስት መጻሕፍት ጋር፣ «ወላዋዩ ንዑስ ከበርቴ» የሚለው አነጋገር ወደ አማርኛ ገባ፤ «መሀል ሰፋሪ»ም ተከተለው። በቀይ ሽብር ዘመን እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ሰው ስሙን ብቻ ይዞ የሚቀር አልነበረም። የልብን ሁኔታ ይገልጽ የነበረ ቃል የክስ ጽሑፍ ሆነ። ያ ዘመን ቢያልፍም የቃሉ ጥላ አልተገፈፈም። ዛሬም ከአንድ ውሳኔ በፊት ለማጣራት ጥቂት ቀን የጠየቀ ሰው «አቋም የለውም» ሲባል ይሰማል።

ይህ ጥላ ከመድረክ ላይ ሲያርፍ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት ሐምሌት በቂ ምሳሌ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ ወደ አማርኛ የመለሰው ይህ የሼክስፒር ተውኔት፣ ቋንቋችን የአንድን ሰው የልብ ክርክር ለመሸከም እንደማያንሰው አሳይቷል። ግን ሐምሌት ወላዋይ ነውን? መንፈሱ የነገረውን ወዲያው አላመነም፤ በንጉሡ ፊት የአባቱን አሟሟት የሚመስል ትርኢት እንዲታይ አድርጎ የንጉሡን ፊት መረመረ። ይህ ማጣራት ነው። ንጉሡ ለጸሎት ተንበርክኮ ሲያገኘው ሰይፉን መዝዞ መለሰ፤ በጸሎት ላይ የሞተ ነፍሱ እንዳትድን ፈልጎ ነውና ይህ የጭካኔ ስሌት ነው። ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን ሰው ማንነቱን ሳያይ ወጋው፤ የሞተው ፖሎኒየስ ነበር። ይህ ደግሞ ችኮላ ነው። ሦስቱንም በአንድ የወላዋይ ፊት የሚጫወት ተዋናይ ሦስት የተለያዩ ትዕይንቶችን ያጠፋል።

እርግጥ ነው፣ ሐምሌት ስለ መዘግየቱ ራሱን አጥብቆ ይወቅሳል። ነገር ግን ገጸ ባሕርይው በራሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ የተርጓሚው፣ የአዘጋጁ ወይም የተዋናዩ ፍርድ መሆን የለበትም። ፍርዱ የተመልካቹ ነው፤ ተመልካቹ ግን ለመፍረድ ማስረጃው ሳይዛባ ሊደርሰው ይገባል።

ስለዚህ ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት የሰውየውን እግር፣ እጅና አንደበት ይመልከት፦ እግሩ ተጣብቋል ወይስ ይንገዳገዳል? እጁ የቆመው በፍርሃት ነው ወይስ በስሌት? ዝም ያለው ቃል ጠፍቶት ነው ወይስ ቃሉን እየመዘነ? መምህሩም ተማሪዎቹን «ፍቺው ምንድን ነው?» ብሎ ብቻ ከመተው «እንዲህ ያለውን ሰው በሰፈራችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ፣ ከአንድ ክፍል ብዙ መልስ ያገኛል።

ሕዝባችን ከሁለት ያጣውን ሰው ያውቃል፤ ቸኩሎ አፍሶ የለቀመውንም ያውቃል። በሁለቱ መካከል የቆመው፣ ከመቁረጡ በፊት አሥር ጊዜ የሚለካው ሰውም በመድረካችን ላይ ስሙ ሳይጠፋ ሊቆም ይገባዋል።