ስለ «አንድነት» እና ስለ «ኅብረት»

ስለ አፍሪካ አንድነት በየዓመቱ ግንቦት 17 ቀን የሚጻፈውንና በየአዳራሹ የሚነበበውን ድርሰት የተከታተለ ሰው፣ አብዛኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ የሚጀምር ሆኖ ሳያገኘው አልቀረም። ምሳሌው መልካም ነው፤ አባቶችም በከንቱ አልተናገሩትም። ነገር ግን ድሩን የሚፈትለው ማን እንደ ሆነ፣ ቋጠሮውን የሚያጠብቀው ማን እንደ ሆነ፣ አንበሳው ከታሰረም በኋላ የገመዱን ጫፍ ይዞ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ምሳሌው አይነግረንም። ደራሲዎቻችንም አይጠይቁትም። ምሳሌውን ጠቅሰው ወደ ጭብጨባው ይሻገራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልንተች የተነሣነው አንድን ደራሲ ወይም አንድን መጽሐፍ አይደለም። የምንተቸው አንድ የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ ይኸውም የአገርን ሉዓላዊነትና የአህጉርን አንድነት፣ ተጣልተው እንደማያውቁ ወንድማማቾች በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጦ ማለፍ ነው። ሁለቱ ግን የሚጣሉበት ቦታ አለ። ያንንም ቦታ ለማየት አዲስ አበባ ከሚገኘው የጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ አዳማን፣ ሞጆንና ሻሸመኔን መመልከት ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በእነዚህ ከተሞች ባቡሩም፣ መንገዱም፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሰፈረውም ሰው ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በኑሮ ያቀርቡታልና።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ድርጅት በቋንቋችን «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» ተባለ። በ1992 ዓ.ም. ሎሜ ላይ በጸደቀው የማቋቋሚያ ሰነድ መሠረት የተተካው ደግሞ «የአፍሪካ ኅብረት» ተባለ። አንባቢ እዚህ ላይ ያስተውልልን። የፊተኛው ማሰሪያው የላላ፣ የኋለኛው ግን ጠበቅ እንዲል የታሰበ ነበር፤ በአማርኛ ግን የላላው «አንድነት»፣ የጠበቀው «ኅብረት» ሆነ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ነገሩ የተገላበጠ ሊመስለው ይችላል፤ አንድ የነበሩት ኋላ ተለያይተው በማኅበር ብቻ የቀሩ ያህል። ለዚህ ተርጓሚዎቹን አንወቅስም። «አንድነት» ራሱ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፤ «ባንድነት ሄድን» ስንል አብረን ሄድን ማለታችን እንጂ አንድ ሰው ሆንን ማለታችን አይደለም። «ኅብረት» ደግሞ ከቅኔው «ኅብር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለው አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይዞ ሲገኝ ነው፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያጠፋውም። ሉዓላዊነታቸውን ሳይጥሉ ሥልጣን ለሚካፈሉ አገሮች ከዚህ የተሻለ ቃል ከወዴት ይገኛል? የሚያሳዝነው ግን ጸሐፊዎቻችን ይህን ሀብቱን ትተው ለ«አንድነት» መተኪያ ብቻ ማድረጋቸው ነው።

የ1955ቱን ቻርተር እንደ አንድ ድርሰት ብናነበው ጠባዩ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በሁለተኛው አንቀጽ ስለ አንድነትና ስለ መተባበር ይናገራል፤ ወደ ሦስተኛው ሲደርስ ግን የአገሮችን የሉዓላዊነት እኩልነት፣ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን፣ የግዛትን መከበር በተርታ ይደረድራል። አንድነቱ የተጻፈው በተስፋ ቃል፣ ሉዓላዊነቱ ግን በሕግ ቃል ነው። ውሳኔውን በማይፈጽም አገር ላይ ምን እንደሚደርስ አይናገርም። ስለ ሥራ ቋንቋ በሚያወሳው አንቀጽ ደግሞ «ቢቻል» የአፍሪካ ቋንቋዎች ይላል። ያቺ አንዲት «ቢቻል» የሰነዱን መንፈስ ከረጅሙ መግቢያ ይልቅ አጥርታ ታሳያለች እንላለን።

ይህ የሆነው ሌላ ሐሳብ ስላልነበረ አይደለም። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ በዚያው ዘመን ባሳተሙት መጽሐፍ አፍሪካ በአንድ የጋራ መንግሥት ሥር እንድትገባ ተከራክረው ነበር። ኢትዮጵያ ቀስ በቀስ መሄድን ከመረጠው ከሞንሮቪያው ወገን ነበረች። የንክሩማ ሐሳብ ቢሞከር ይጸና ነበር ወይ ብንባል እንጠራጠራለን፤ የጽሑፋቸው ብልጫ ግን የጋራ መከላከያ፣ የጋራ የውጭ ጉዳይ፣ የጋራ የኢኮኖሚ ዕቅድ እያሉ ከየአገሩ እጅ የሚወጣውን ነገር በስሙ መጥራታቸው ነው። እሳቸውን የተቃወሙትም ሆኑ ያመሰገኑት የአማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ያህል አልደፈሩም።

ለኢትዮጵያ ሉዓላዊነት የመዝገብ ቃል ብቻ እንዳልነበረ እናውቃለን። የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ሳለች በኢጣልያ ተወረረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው የሚያድን አላገኙም። ከዚያ ታሪክ ሁለት ትምህርት ሊወጣ ይችል ነበር፤ አንደኛው በማኅበር አትታመን የሚል፣ ሁለተኛው ማኅበር ከተባለ አቅም ይኑረው የሚል። በድርሰቶቻችን ደጋግመን የጻፍነው የፊተኛውን ነው።

ሌላም የማይነሣ ነገር አለ። ቻርተሩ ከተፈረመበት ከግንቦት 1955 ዓ.ም. ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ነበር። ፌዴሬሽኑ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ሥልጣንን በጽሑፍ የተካፈለ ኅብረት ነበረ። ጉድለቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚፈርድ ገለልተኛ ዳኛ ማጣቱ ነው፤ የፌዴሬሽኑ መንግሥት የሚባለው ያው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበርና። በኤርትራ ፈጽሞ መዋሐድን የደገፈው ወገንም የሚጠራው «አንድነት» በሚለው ስም ነበረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ እስከ 1983 ዓ.ም. የዘለቀውን ጦርነትና በ1985 ዓ.ም. የመጣውን መለያየት፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያስተምራሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ኅብረት ሲፈርስ የሌላው መሠረት መጣሉን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር ድርሰት ግን እኛ አላጋጠመንም።

ስለ አውሮፓ የሚጻፈውም ከዚህ አይሻልም። ስድስት አገሮች በ1943 ዓ.ም. ከሰልንና ብረትን፣ በ1949 ዓ.ም. ሮማ ላይ ገበያቸውን አስተባበሩ፤ በ1984 ዓ.ም. በማስትሪክት ውል «የአውሮፓ ኅብረት» ተባሉ። በዚያው ዓመት የዴንማርክ ሕዝብ ውሉን በድምፁ ገፋው፤ የተቀበለው በማግሥቱ ዓመት ከአንዳንድ ግዴታ ነፃ ከተደረገ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፈረንሳዮችና ሆላንዶች የቀረበላቸውን ሕገ መንግሥት አንቀበልም አሉ። እንግሊዝም በ2008 ዓ.ም. ሕዝቧን ጠይቃ በ2012 ዓ.ም. ወጣች። የእኛ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የአንድነት ውድቀት አድርገው ይተርኩታል። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነው። እነዚያ ሕዝቦች የተከራከሩት የሚከራከሩበት ነገር በጽሑፍ ስለ ነበረ ነው፤ የትኛው ሥልጣን ከዋና ከተማቸው ወደ ብራስልስ እንደ ሄደ ያውቁ ነበር። የመቂ ሽንኩርት ገበሬ ወይም የአዳማ ነጋዴ ስለ 1992ቱ የአፍሪካ ሰነድ ድምፁን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅስ ምን እንደ ሰጠ በምን ያውቃል?

ለ1992ቱ ሰነድ ግን ተገቢውን ምስጋና አንነፍገውም። በአራተኛው አንቀጽ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን ደንግጎ፣ ወዲያው በሚቀጥለው ፊደል በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። ከ1986ቱ የሩዋንዳ እልቂት በኋላ የተጻፈ መሆኑ ይታወቅበታል። ኅብር ማለት ይህ ነበር። ወሳኙ ግን የመሪዎቹ ጉባኤ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የቡሩንዲ ጉዳይ ሲቀርብ ጉባኤው ያለ አገሪቱ ፈቃድ ጦር ከመላክ ተመልሷል። ሰሙ ቀርቶ ወርቁ ሳይገኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዳማ እንውረድ። አዳማ፣ ብዙዎቻችን ናዝሬት ስንላት የኖርነው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ያደገች ከተማ ናት። ሐዲዱም የሉዓላዊነታችንን ነገር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይተርካል። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1899 ዓ.ም. ግን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ባቡሩም ጭምር፣ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉ ሲነገራቸው ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን የማይነካ መሆኑን አስታውቀው መለሱ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል ደግሞ ለውጭ አገር ሰዎች በዳኝነት ረገድ ልዩ መብት ሰጠ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከዚያም በኋላ፣ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወርና ድርሻው እኩል እንዲሆን ውል የተፈረመው በ1952 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በአዳማ ጣቢያ እህሉን የሚጭነው ነጋዴ ወንበሩ ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ደንበኛ ነበረ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ባለቤቶቹ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሲሆኑ፣ ድርሻቸው ሦስት አራተኛና አንድ አራተኛ ነው። የተሠራው በቻይና ብድር ነው፤ የቻይና ኩባንያዎችም እስከ 2016 ዓ.ም. አስተዳድረውታል። የብድሩ ክብደት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ሁለት ሉዓላዊ አገሮች አንድ ሀብት በቁጥር ተካፍለው ይዘዋል፣ ቁጥሩም ተጽፏል። ስለ አፍሪካ አንድነት የሚናገር ተማሪ ከምሳሌው ይልቅ በዚህ የድርሻ ሰነድ ቢጀምር ድርሰቱ አጥንት ያገኝ ነበር።

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ መቂን፣ ዝዋይ ትባል የነበረችውን ባቱንና አርሲ ነገሌን አልፎ ሻሸመኔ ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩትን የጃማይካና የሌሎች ደሴቶች ተወላጆች የማያውቅ መንገደኛ የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች 5 ጋሻ መሬት በዚያ ሰጡ። ሰዎቹም ጥቂት በጥቂት መጥተው ሰፈሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ መምጣቱ በረታ። ስጦታው ታላቅ ነበር፤ ግን ስጦታ እንጂ ሕግ አልነበረም። መሬቱ ተሰጠ፣ ዜግነቱ አብሮ አልተሰጠም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ስጦታውም አብሮ ሄደ፤ ለሰፋሪዎቹ የተረፈላቸው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሆነው፣ ልጆቻቸውም በተወለዱበት ከተማ እንግዳ ሆነው ኖሩ።

ስለ ሻሸመኔ የተጻፈውን ስናነብ የምናገኘው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ስለ ንጉሡ ቸርነት የተጻፈ ውዳሴ፣ ወይ ስለ ሰፋሪዎቹ ጠጉርና ዜማ የተጻፈ የመንገደኛ ወሬ። «ወደ ቤታችሁ ኑ» ተብሎ የመጣ ሰው በቤቱ ውስጥ ምን ሥልጣን አለው ብሎ የጠየቀ ደራሲ እምብዛም ነው። ጥያቄውን በመጨረሻ የመለሰው ደራሲ ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ይኸውም ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር የሚያበቃ፣ ከምርጫና ከመከላከያና ጸጥታ ሥራ ግን የሚያግድ ነው። ወረቀቱ ውበት የለውም፤ የሚሰጠውንና የሚከለክለውን ግን ለይቶ ይናገራል። የሚከለክለው ይበዛል የሚል ክርክር ቢነሣ እኛም ከተከራካሪዎቹ ጋር ነን። ለመከራከር የሚያስችለው ግን ተለይቶ መጻፉ ነው፤ በስጦታው ዘመን ሰፋሪው ይህን እንኳ አልነበረውም።

መንገዱ ከሻሸመኔ ወዲያ ሞያሌ ድረስ ይወርዳል። በዚያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት መንገደኛውንና ጭነቱን በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ማቆሚያ እንዲመረምሩ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለው ጣቢያ አንዱ አገር ሹም በሌላው አገር መሬት ላይ ተቀምጦ የራሱን አገር ሕግ ይፈጽማል፤ ለዚህም ሁለቱ መንግሥታት ከሉዓላዊነታቸው አንዲት ጠረጴዛ የምታህል ቦታ እርስ በርስ ተፈቃቅደዋል። ስለ አንበሳውና ስለ ድሩ የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። በዚያች ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ስለሚቀመጡት ሁለት ጸሐፊዎች የሚተርክ ልብ ወለድ ወይም ተውኔት ግን እስካሁን አላየንም፤ ቢላክልን በደስታ እናነበዋለን።