ሬዲዮ የሚያዳምጥ አባት

አመሻሽ ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮውን ይዞ ጣቢያ የሚፈልግ አባት የብዙዎቻችን የመጀመሪያ የፖለቲካ መምህር ነው። ዶይቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ነው። በደርግ ዘመን በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ጆሮ ተለጥፎ ይደመጥ ነበር። ልጅ ከዚያ ዝቅ ካለው ድምፅ ብቻ ብዙ ይረዳል፦ መንግሥት የሚለው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፣ እውነቱን መፈለግም ዋጋ እንደሚያስከፍል።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው አባትየው ዜናው ካለቀ በኋላ የሚያደርገውን ነው። የአንዱን ጣቢያ ወሬ ከሌላው ጋር ያስተያያል፤ ጎረቤት ሲመጣ ይከራከራል፤ ሳይስማሙም ቡና ያስቀዳለታል። የአባቱን ፓርቲ የማይደግፍ ልጅ እንኳ ይህን ሥርዓት ይወርሳል (ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰማች ሴት ልጅም እንዲሁ፣ ሐሳቧን ማንም ባይጠይቃትም)።

ዛሬ ሁላችንም በየስልካችን፣ ለየብቻችን እንሰማለን። አባቶች፣ እባካችሁ የጆሮ ማዳመጫውን ንቀሉትና ዜናውን ከልጆቻችሁ ጋር ስሙ፤ ምን እንደሚያስቡም ጠይቋቸው፤ ሴቶቹንም ጭምር።