ማኅተሙን ያልመዘነ ሚዛን፤ ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ፖስታ አሰባሰብ የቀረበ ትችት

የቀድሞውን የኢትዮጵያ ፖስታ የሚሰበስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝኑት ቴምብሩን ነው፤ በላዩ ያረፈውን የፖስታ ቤት ማኅተም ግን እንደ ጉድፍ ይቈጥሩታል። ይህ አካሄድ ታሪክን የሚያጐድል ስለ ሆነ ሊታረም ይገባል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ፖስታን ሲያቋቁሙ ፓሪስ የታተሙት 7 ቴምብሮች የአገሪቱን ስምና ዋጋቸውን የሚናገሩት በአማርኛ ብቻ ነበር። በ1893 ዓ. ም. የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል፥ በ1894 ዓ. ም. ደግሞ «ቦስታ» የሚል ቃል ታተመባቸው። እነዚህ ተጨማሪ ጽሕፈቶች ለሰብሳቢዎች ገበያ ሲባል የተደረጉ ናቸው የሚል ነቀፌታ አለ። ነቀፌታው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለገበያ የቀረበውን መልእክት ካደረሰው የሚለየው ማኅተሙ ነው።

ማኅተም የሥልጣን ምስክር ነው። ጀርመን ከ1862 ዓ. ም. ጀምሮ በቁስጥንጥንያ የራሷ ፖስታ ቤት ነበራት። በቻይናም ከጺንግታው ወደ ካውሚ በሚሄደው ባቡር ላይ ደብዳቤዎች በጀርመንኛ ማኅተም ይመቱ ነበር፤ ማኅተሙ የመስመሩን ሁለት ጫፎችና የባቡሩን ቍጥር ይዟል። በእኛም አገር ፈረንሣዮች በሐረር፥ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ፖስታ ቤት ነበራቸው፤ ወደ ውጭ በሚላከው ደብዳቤ ላይም ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ የጅቡቲ ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ይህ ያበቃው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ. ም. ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረት ስትገባ ነው። ከዚያ በፊት የተላከው ፖስታ ሁለት መንግሥታትን ያናግራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አንዱን ብቻ። ቴምብሩን ነቅሎ በአልበም የሚለጥፍ ሰው ይህን ልዩነት ከቶ አያየውም።

ስለ መንገዱም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ባቡር በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ማኅተሞች ቀን ሲነጻጸር፥ ደብዳቤው በቅሎ መንገድ ላይ የቈየበት ጊዜ ይታወቃል።

ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የካ የእንግሊዝ፥ የሩስያ፥ የጀርመንና የፈረንሣይ ሌጋሲዮኖች የሰፈሩበት አገር ነው። በዚያ በጸሓፊነት፥ በአስተርጓሚነት ወይም በዘበኝነት ያገለገሉ አባቶች ካሉበት ቤት ሣጥን ውስጥ አሮጌ ፖስታ ቢገኝ፥ ባለቤቱ ቴምብሩን ለመንቀል ውሃ ውስጥ እንዳይነክረው እንለምናለን። የነከረው እንደ ሆነ ቴምብሩ ይተርፋል፤ ማን እንደ ላከው፥ በየት እንዳለፈና በማን ሥልጣን እንደ ሄደ የሚናገረው ምስክር ግን አብሮ ይጠፋል።